ምዕራፍ አምስት፦ «እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም»

በየዓመቱ ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በሚወጡ የመመረቂያ ጽሑፎች መግቢያ ላይ የማትጠፋ አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «በዚህ ርእስ በዚህ አካባቢ የተደረገ ጥናት የለም።» አማካሪው ያልፋታል፣ ፈታኙም ያልፋታል፤ ተማሪውም ካለፈው ዓመት ተመራቂ ጽሑፍ እንዳለች ገልብጧት ይሆናል። አንዳንዴ እውነት ናት። ብዙ ጊዜ ግን መባል የነበረበት «በአንድ ቃል ፈልጌ ኮምፒውተሩ ምንም አላመጣልኝም» ነበር። ይህ ምዕራፍ የሚያወራው በእነዚህ በሁለቱ አባባሎች መካከል ስላለው ርቀት ነው።

ባለፈው ምዕራፍ ሰፊ ርእስ እንዴት ጠብቦ መልስ ሊገኝለት የሚችል ጥያቄ እንደሚሆን አይተናል። አሁን ያንን ጥያቄ ይዘን ዳታቤዝ ፊት እንቀመጣለን። ዳታቤዝ ስል የመጽሔት ጽሑፎችን፣ የመመረቂያ ጥናቶችንና መጻሕፍትን መዝግቦ የያዘና በቃል የሚፈለግበት የኮምፒውተር መዝገብ ማለቴ ነው። ጎግል ስኮላር፣ የላይብረሪው ካታሎግና የሕክምና ሰዎች የሚጠቀሙበት ፐብሜድ ሁሉም በዚህ ስም ይጠቃለላሉ።

ሦስት ስም ያለው ሰው

በወሎ ካለችው ከመካነ ሰላም ከተማ ወጣ ብሎ ወደ አንድ የደጋ ቀበሌ ሰው ፍለጋ የሄደ እንግዳ አለ እንበል። የያዘው ወረቀት «ጌታቸው» ይላል። መንገድ ላይ አንድ አዛውንት ያገኛል።

«አባቴ፣ የጌታቸው ቤት የት ነው?»

«እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም፣ ልጄ።»

አዛውንቱ አልዋሹም። ሰውየው ጌታቸው የተባለው ትምህርት ቤት ሲመዘገብ ነው። ለእናቱና ለጎረቤቱ እሸቱ ነው፤ ለንስሐ አባቱ ደግሞ ወልደ ሚካኤል። ቤቱ ከቆሙበት ሁለት አጥር አለፍ ብሎ ነው፤ እሱም ደጁ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። እንግዳው ግን «የለም» የሚለውን መልስ ይዞ ወደ ከተማ ይመለሳል።

አዛውንቱ ቢያንስ መልሰው መጠየቅ ይችላሉ። «የማን ልጅ ነው? ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ይደርሱበታል። ዳታቤዝ ይህን አያደርግም። ጥያቄ ሲቀርብለት ጽሑፎቹን ማንበብ አይጀምርም፤ የትኛው ቃል በየትኛው ጽሑፍ ውስጥ እንዳለ አስቀድሞ ማውጫ ሠርቶ አስቀምጧል። በሁለተኛው ምዕራፍ በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ ስለሚገኘው የቃላት ማውጫ ያልነው ሁሉ እዚህም ይሠራል፤ ልዩነቱ ይኼኛው ማውጫ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጽሑፎችን መያዙ ነው። ፈላጊው የጻፈው ቃል ማውጫው ውስጥ ካለ ጽሑፉ ይመጣል፣ ከሌለ አይመጣም። ማሽኑ የሚያውቀው የፊደል ሰልፍ ነው፤ ጫካውን፣ በሽታውን፣ ወረዳውን አያውቅም። ትልልቆቹ የፍለጋ ሞተሮች የእንግሊዝኛ ስሕተትን ያርማሉ፣ ተመሳሳይ ቃላትንም ይገምታሉ። እንደ ሳይንትና ወረሂመኖ ያሉ የወሎ አካባቢዎች ነገር ላይ ሲደርሱ ግን ግምታቸው ብዙም አያራምድም።

ስለዚህ ፈላጊው ራሱን የሚጠይቀው «እኔ ይህን ነገር ምን ብዬ እጠራዋለሁ?» ብሎ አይደለም። «የጻፈው ሰው፣ በጻፈበት ዘመን፣ በጻፈበት ቋንቋ ምን ብሎ ጠራው?» ብሎ ነው።

የጫካው ስሞች

አንዲት የመካነ ሰላም ልጅ ደን ታጠናለች እንበል። ጥያቄዋ ከከተማዋ ብዙ ሳይርቅ በሚገኘው በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ምን ዓይነት ዛፎች እንዳሉና ችግኞቻቸው እንዴት እየተተኩ እንደሆነ ነው። የፓርኩን ሙሉ ስም በእንግሊዝኛ ጻፈችና ፈለገች። ስለ ጭላዳና ስለ ጎብኚ ጥቂት መጣላት እንበል፤ ስለ ዛፉ ግን የምትፈልገውን አጣች። ያቺ ዓረፍተ ነገር ልትጻፍ ነው።

ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 «ሲኔት» በተባለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ መጽሔት አባተ አያሌው፣ ታምራት በቀለና ሰብስቤ ደምሰው የዚህኑ ደን የዕፀዋት ዓይነትና አቋም የሚተነትን ጥናት አሳትመዋል። ጥናቱ በኢንተርኔትም ይገኛል። የእንግሊዝኛ ርእሱ የሚናገረው በኢትዮጵያ ማዕከላዊ ደጋ ስለሚገኝ የደንቆሮ የአፍሮሞንታን ደን ነው፤ አፍሮሞንታን ማለት በአፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ላይ የሚበቅል ማለት ነው። ርእሱ ውስጥ ቦረና የለም፣ ሳይንት የለም፣ ወረሂመኖ የለም፤ ወሎ እንኳ የለም። ያን ጊዜ የቦታው ስም የደንቆሮ ደን ወይም ደንቆሮ ጫካ ነበር። ፓርኩ ኋላ ሌላ ስም ሲያወጣ የታተመው ጽሑፍ አብሮ ስሙን አልለወጠም። የአገሩ ሰው ዛሬም ጫካውን በድሮ ስሙ ይጠራዋል፤ ልጅቷም ቤቷ ውስጥ የምትሰማው ይህንኑ ስም ነው። ዳታቤዝ ፊት ስትቀመጥ ግን የቢሮውን ስም መረጠች። የደብዳቤ ስም ለፍለጋ የተሻለ ይመስለናል፤ አይደለም።

ችግሩ በዚህ አያበቃም። «ቦረና» ብላ ብቻዋን ብትፈልግ የሚመጣላት ጽሑፍ አብዛኛው በደቡብ ኦሮሚያ ስላለው ቦረና ይሆናል፤ ስለ ገዳ ሥርዓት፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ ቦረና ከብት። የደቡቡ ብዙ የተጻፈበት ስለሆነ የወሎው ቦረና ከሥሩ ይጠፋል። በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ መካከለኛውን አናባቢ በ«ኢ» ሌላው በ«ኤ» ይጽፈዋል፤ ይህም ሁለቱን ቦታዎች ለመለየት አይረዳም፣ ሁለቱም በሁለቱም መንገድ ተጽፈው ይገኛሉና። ወረዳው በአንዳንድ ሰነድ ደብረ ሲና ተብሎም ተመዝግቧል፤ ያን ይዞ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሰሜን ሸዋ ጣርማ በር ሥር ይደርሳል።

«ሳይንት» ይብሳል። አንዱ በ«አይ» ፊደል ብቻ ይጽፈዋል፣ ሌላው በ«ዋይ»፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ያስገባል። በ«አይ» ብቻ ሲጻፍ ከእንግሊዝኛው «ቅዱስ» ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሆንና አምሐራ ሳይንት የተባለውን ወረዳ የሚፈልግ ሰው ከቅዱሳን ገድል ጋር ሲታገል ይውላል። ወሎ ራሱ በ«ኦ»፣ በ«ኢ»፣ በ«ኤ»፣ በአንድ «ኤል» እና በሁለት «ኤል» ተጽፏል። ሀምቡርግ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጾች የተዘጋጀው «ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካ» ደግሞ በፊደላቱ ላይ ነጠብጣብ የሚያስቀምጥ የራሱ አጻጻፍ አለው።

መፍትሔው ኮምፒውተሩን ከመንካት በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ማንሳት ነው። በአንድ በኩል የቦታው ስሞች በሙሉ ከነልዩ ልዩ አጻጻፋቸው ይደረደራሉ፤ በሌላው በኩል የነገሩ ስሞች፦ ደን፣ ዛፍ፣ ዕፀዋት፣ ብዝኃ ሕይወት፣ ተፈጥሯዊ መተካካት። ስሞቹን ከራስ ብቻ ማፍለቅ አያስፈልግም። የላይብረሪ ባለሙያ፣ የፓርክ ጠባቂ፣ የወረዳ ግብርና ባለሙያ፣ አያት፣ ሁሉም አንድ አንድ ስም ይጨምራሉ። ይህን ወረቀት ሳይዝ ዳታቤዝ የሚከፍት ተማሪ ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት ማሰብ ይጀምራል፤ ኔትወርክ በሚመጣና በሚሄድበት አገር ይህ ውድ ልማድ ነው።

ወይም፣ እና፣ ሳይሆን

ስሞቹ ከተደረደሩ በኋላ ለማሽኑ እንዴት ይነገሩ? መንገዱን ያበጀው ጆርጅ ቡል የሚባል የእንግሊዝ ሒሳብ ሊቅ ነው (1815–1864 እ.ኤ.አ.)። የጫማ ሠሪ ልጅ ነበር፤ ሒሳቡን በአብዛኛው ራሱን በራሱ አስተማረ፣ በኋላም አየርላንድ ውስጥ ኮርክ ላይ ፕሮፌሰር ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ «እና»፣ «ወይም» እና «አይደለም» እንደ ቁጥር ሊሰሉ እንደሚችሉ አሳየ። ኮምፒውተር ሳይታሰብ የተጻፈ ሥራ ነው፤ ዛሬ ግን አብዛኛው የጽሑፍ ዳታቤዝ የሚሠራው በእሱ ስሌት ነው።

ወደ እንግዳችን እንመለስ። ብልህ እንግዳ አዛውንቱን እንዲህ ይላቸዋል፦ «እሸቱም ይባል ጌታቸው፣ ወይም ወልደ ሚካኤል፣ ብቻ አናጢ የሆነውን ነው የምፈልገው።» በዚህች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ሥራ ተሠርቷል። «ወይም» ለአንዱ ሰው ስሞቹን ሁሉ ከፈተለት፤ በሩ ሰፋ። «አናጢ የሆነውን» የሚለው ደግሞ ከቀበሌው እሸቱዎች ሁሉ አንዱን ለየው፤ በሩ ጠበበ። ብዙ ተማሪዎች «ወይም» ያጠባል፣ «እና» ያሰፋል ብለው ያስባሉ፤ በተራ ንግግራችን «ይህንም ያንንም ስጠኝ» ስንል ነገር ስለሚበዛ ይመስለኛል። በፍለጋ ላይ ግን ተቃራኒው ነው። «እና» የሚለው ሁለቱም ቃላት በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እንዲገኙ ስለሚያስገድድ ውጤቱን ይቀንሳል።

የደን ተማሪዋ ፍለጋ እንግዲህ እንዲህ ይሆናል፦ (ደንቆሮ ወይም «ቦረና ሳይንት» ወይም ወረሂመኖ) እና (ደን ወይም ዛፍ ወይም ዕፀዋት)። ቅንፉ አያምታታ፤ የአንድ ነገር ስሞች አንድ ላይ ይታሰራሉ ማለት ብቻ ነው። ትምህርተ ጥቅሱ ደግሞ ሁለቱ ቃላት ሳይለያዩ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይምጡ የሚል ትእዛዝ ነው። «ቦረና ሳይንት» በትምህርተ ጥቅስ ሲገባ የደቡቡ ቦረና በአንድ ጊዜ ከመንገድ ይወጣል። ጎግል ስኮላር ላይ በሁለት ቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ራሱ እንደ «እና» ይቆጠራል፤ «ወይም» ደግሞ በእንግሊዝኛ በትልልቅ ፊደል፣ «ኦር» ተብሎ መጻፍ አለበት። በብዙ ዳታቤዞች ላይ የቃሉን ግንድ ጽፎ ኮከብ ምልክት ማስከተል ከዚያ ግንድ የሚወጡ ቃላትን ሁሉ ያመጣል፤ ፐብሜድ ይህን ይቀበላል፣ ጎግል ስኮላር ግን አይቀበልም። እያንዳንዱ ዳታቤዝ «እገዛ» የሚል ገጽ አለው፤ ማንም አያነበውም፣ አሥር ደቂቃ ግን አይፈጅም።

«ሳይሆን» የሚለውን፣ ጎግል ላይ የመቀነስ ምልክት የሆነውን፣ በጥንቃቄ ነው የምመክረው። «ገዳ የሚል ቃል ያለበት አይምጣ» ማለት ደቡቡን ቦረና ለማስወጣት ጥሩ ዘዴ ይመስላል። ነገር ግን ሁለቱን ቦረናዎች በአንድ አንቀጽ የሚያነጻጽር የታሪክ ጽሑፍ ካለ እሱም አብሮ ይወጣል፤ ያ ደግሞ ምናልባት ከሁሉም የሚጠቅመው ነበር።

የተስማሙበት ስም

አንዳንድ ዳታቤዞች ይህን የስም ጣጣ ለፈላጊው አይተዉትም። ባለሙያዎች ወይም ባለሙያዎች ያዘጋጁት ፕሮግራም እያንዳንዱን ጽሑፍ አይተው፣ ጸሐፊው በምንም ቃል ይጻፍ፣ አስቀድመው የተስማሙበትን አንድ ስም ይለጥፉበታል። በቀበሌው መዝገብ ጫፍ ላይ «ጌታቸው፣ እሱም እሸቱ፣ እሱም ወልደ ሚካኤል» ብሎ የጻፈ ጸሐፊ ቢኖር ማለት ነው።

የዚህ ሥራ ትልቁ ምሳሌ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ የሚያዘጋጀው «ሜሽ» የሚባል የርእስ ቃላት መዝገብ ነው። ፐብሜድ የሚጠቀመው እሱን ነው። በዚህ መዝገብ ካንሰር «ኒዮፕላዝምስ» ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የልብ ድካም ብለን የምንጠራው ድንገተኛ የልብ ሕመም ደግሞ «ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን»። መካነ ሰላም ላይ ስለ ማኅፀን በር ካንሰር የሚያጠና የነርስ ተማሪ በተራው ቃል ብቻ ቢፈልግ ፐብሜድ ከበስተጀርባ ያስተካክልለታል። የተስማሙበትን ስም ራሱ ካወቀው ግን ሌሎች ጸሐፊዎች በሌላ ቃል የጻፉትን ጭምር በአንድ መረብ ይሰበስባል። ለግብርናው ዘርፍ የዓለም የምግብና የግብርና ድርጅት «አግሮቮክ» የሚባል ተመሳሳይ መዝገብ አለው።

የሳይንስ ስም የሚባለውም ይህንኑ ሥራ ይሠራል። በደንቆሮ ደጋ የሚዘዋወረውን ቀይ ቀበሮ እንግሊዝኛው በተለያየ ዘመን የሰሜን ቀበሮ፣ የሰሜን ተኩላ መሳይ፣ የአቢሲኒያ ተኩላ፣ አሁን ደግሞ የኢትዮጵያ ተኩላ ብሎታል። «ካኒስ ሲመንሲስ» የሚለው የላቲን ስሙ ግን የሃምሳ ዓመት ጽሑፍንም የአምናውንም ያገናኛል። ስለ ጤፍ፣ ስለ ጥድ፣ ስለ ኮሶ ለሚፈልግም ያው ነው። ስሙ ከየትኛውም የዕፀዋት መጽሐፍ ይገኛል፤ ፍለጋውንም ከዚያ መጀመር ይሻላል።

የላይብረሪው መደርደሪያ ላይ ያለው ቁጥርም የተስማሙበት ስም ነው፤ የቃል ሳይሆን የቁጥር። ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ባወጣው አከፋፈል የኢትዮጵያና የኤርትራ ታሪክ 963 ላይ ነው። በካታሎጉ አንድ ጥሩ መጽሐፍ ያገኘ ተማሪ ቁጥሩን ይዞ መደርደሪያው ዘንድ ይሂድና ግራና ቀኙን ይመልከት፤ ርእሳቸውን ሊገምት የማይችላቸው መጻሕፍት እዚያ ጎን ለጎን ቆመዋል።

መቅደላ በስንት ፊደል ይጻፋል?

የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ስሙን የወሰደበት አምባ ራሱ ለፍለጋ ትልቅ ትምህርት ነው። አፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ሊያቋቁሙት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከየገዳሙ ብራና ሰብስበው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አምባው ሲወድቅ የእንግሊዝ ጦር ብራናዎቹን ወሰደ። ከሠራዊቱ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምስ ስለነበር 350 ገደማ የሚሆኑት ወደ ሙዚየሙ ገቡ። ዊሊያም ራይት እ.ኤ.አ. በ1877 ካታሎጋቸውን አሳተመ፤ ዛሬ ብራናዎቹ ያሉት በብሪቲሽ ላይብረሪ ነው።

ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ከቱሉ አውሊያ ወይም ከመካነ ሰላም፣ ተነሥቶ እነዚህን ብራናዎች በኢንተርኔት የሚፈልግ የታሪክ ተማሪ የዩኒቨርሲቲውን አጻጻፍ፣ በ«ኬ» ፊደል የሚጻፈውን መቅደላ፣ ይጠቀማል። በዚህ አጻጻፍ የሚመጣለት በዋናነት ዩኒቨርሲቲውና ወረዳው ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን በ«ጂ» ጻፉት፤ የጦር ሜዳ ማስታወሻዎች፣ ጋዜጦችና የፓርላማ ሰነዶች በዚያ ስም ናቸው። የዛሬ ተመራማሪዎችና ስለ ቅርስ ማስመለስ የሚጽፉ ሰዎች በ«ኪው» መጻፍን ይመርጣሉ። ቦታው ላይ የሚገኘው መንደር ደግሞ አምባ ማርያም ይባላል። አንድ አምባ፣ አራት በር። በየበሩ የሚገኘው ሌላ ዘመንና ሌላ አስተያየት ነው፤ በ«ጂ» የሚፈልግ የዘማቾቹን ድምፅ፣ በ«ኪው» የሚፈልግ የሙግቱን ድምፅ ይሰማል። ይህን ያወቀ ተማሪ አራቱንም ያንኳኳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ብሪቲሽ ላይብረሪ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ዋና ካታሎጉ ለወራት ተዘግቶ ነበር። በዲጂታል የተቀመጠ ሁሉ ዘላለም ክፍት አይደለም፤ ያገኙትን በፍላሽ ማስቀመጥ፣ የራይትን የመሰለ የቆየ የታተመ ካታሎግንም አለመናቅ ይጠቅማል። ብራና ለሚያጠና ሌላም በር አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተነሡ 9,000 ገደማ ብራናዎች ማይክሮፊልም ያለበት፣ በአሜሪካ ሚኔሶታ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት። ካታሎጉን ካዘጋጁት ዋነኛው ሊቁ ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ብዙው ተመዝግቦ ለሚገባ ሰው በነጻ ይነበባል።

በራሳችን ፊደል

በአማርኛ መፈለግ ቀላል የሚመስለው ፊደሉ የራሳችን ስለሆነ ነው። ነገር ግን «መጽሐፍ» እና «መፅሀፍ» ለእኛ አንድ ናቸው፣ ለብዙ ማሽን ሁለት። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ፤ እነዚህ ሁሉ የተለያየ ኮድ አላቸው። አምሐራ ሳይንትን በሐመሩ «ሐ» የጻፈ ሰው በሃሌታው «ሀ» የተጻፈውን ሰነድ ላያገኝ ይችላል፤ «ሣይንት» የሚሉም አሉ። ትክክለኛው አጻጻፍ የትኛው ነው የሚለው ለሌላ ቀን ክርክር ነው፤ ለፍለጋ ሁሉንም መሞከር ግድ ነው።

ከዚህ የከፋው የማይታየው ችግር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ቢሮዎቻችን በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት ይጽፉ ነበር። እነዚህ ሶፍትዌሮች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ የሚሥሉ ነበሩ። ወረቀት ላይ ሲታተም አማርኛ ነው፤ ለማሽኑ ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል። ያ ዘመን የወለዳቸው ሪፖርቶች፣ ጥናቶችና የጉባኤ መድበሎች ፒዲኤፍ ሆነው ኢንተርኔት ላይ ቢሰቀሉም በአማርኛ ቃል ቢፈለጉ አይገኙም። እንደ ፎቶ የተነሡ ገጾችም እንዲሁ፤ በውስጣቸው ለማሽን የሚነበብ አንድም ፊደል የለም። እንዲህ ያለ ሰነድ የሚያዘው በርእሱ፣ በጸሐፊው ወይም ባሳተመው ተቋም ስም ነው፤ እነዚህን አብዛኛውን ጊዜ ሰው በእጁ በእንግሊዝኛ መዝግቧቸዋል።

የጸሐፊውና የዓመቱ ነገር

የእኛ ስም የቤተሰብ ስም የለውም፤ የፈረንጅ ዳታቤዝ ግን የግድ ይፈልጋል። ስለዚህ የደንቆሮን ደን ካጠኑት አንዱ ሰብስቤ ደምሰው፣ እንደየመዝገቡ «ደምሰው፣ ኤስ.» ሊሆኑ ይችላሉ፣ «ሰብስቤ፣ ዲ.» ሊሆኑ ይችላሉ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴም አንዱ ጋ በ«ባሕሩ» ሌላው ጋ በ«ዘውዴ» ሥር ይቀመጣሉ። ሁለቱንም ገልብጦ መሞከር ነው።

ዓመቱም ያሳስታል። «ካለፉት አሥር ዓመታት» የሚለውን ማጥበቢያ የሚጫን ሰው፣ ሽፋኑ ላይ በእኛ አቆጣጠር 2012 የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ በፈረንጅ 2012 ተብሎ ተመዝግቦ ከማጥበቢያው ውጭ ሊቀርበት ይችላል። የጽሑፉ ትክክለኛ ዕድሜ ግን 2019 ወይም 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ለአገር ውስጥ ጥናት የዓመት ማጥበቢያውን ከፍተው ቢተዉት እመርጣለሁ።

አንዱ ሌላውን ሲጠቁም

አዛውንቱ ሰውየውን ባያውቁት እንኳ «ያቺን ጠይቃት፣ ዘመዷ ነው» ብለው ወደ ጎረቤት ያመላክታሉ። ጽሑፍም ጽሑፍን ያመላክታል፤ ይህ ደግሞ ቃል የማይጠይቅ ፍለጋ ነው። የ2006ቱን የደንቆሮ ጥናት ያገኘችው ተማሪ በመጨረሻው ገጽ ያለውን የማጣቀሻ ዝርዝር አይታ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ጎግል ስኮላር ላይ ከጽሑፉ ሥር ያለውን ‹የጠቀሱት› የሚል ማገናኛ ተጭና ደግሞ ወደ ፊት ትሄዳለች፤ ከ2006 በኋላ ይህን ጥናት ጠቅሰው የጻፉ ሁሉ፣ ጫካውን በምንም ስም ይጥሩት፣ እዚያ ተሰልፈዋል። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ማግኘት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ከአንዱ በኋላ ያሉት በቃል ሳይሆን በዝምድና ይመጣሉ። እግረ መንገዷንም ከየጽሑፉ ያላሰበቻቸውን ቃላት እየለቀመች ወረቀቷ ላይ ትጨምራለች፤ ሁለተኛው ፍለጋዋ ከመጀመሪያው ይሻላል።

ቻትጂፒቲን የመሰሉ አዳዲስ መሣሪያዎች እዚህ ላይ በአንድ ነገር ይረዳሉ፤ «ይህ ነገር በእንግሊዝኛ ሌላ ምን ስም አለው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። የጽሑፍ ዝርዝር ስጡኝ ከተባሉ ግን የሌለ ርእስ በእውነተኛ ሰው ስም ለጥፈው ሊሰጡ ይችላሉ። የሰጡት እያንዳንዱ ማጣቀሻ በዳታቤዝ ተፈልጎ ካልተገኘ ወደ ጽሑፍ መግባት የለበትም።

የት ይፈለግ ለሚለው አጭር መልስ ልስጥ። ለአገር ውስጥ መጽሔቶች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጆርናሎች ኦንላይን እና እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ያለው የአፍሪካ ጆርናሎች ኦንላይን አሉ። ለመመረቂያ ጽሑፎች የየዩኒቨርሲቲው ማከማቻና የኢትዮጵያ ብሔራዊ የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ አሉ። ክፍያ ለሚጠይቁ የውጭ መጽሔቶች «ሪሰርች ፎር ላይፍ» የሚባለው ፕሮግራም፣ በ2002 እ.ኤ.አ. «ሂናሪ» በሚል የሕክምና ክፍል የጀመረው፣ ለአገራችን ተቋማት በነጻ ይከፍታል። መግቢያው የሚሰጠው ለተመዘገበ ተቋም ስለሆነ የይለፍ ቃሉን መጠየቅ ያለባችሁ የግቢያችሁን ላይብረሪያን ነው። ብዙ ተማሪ ይህን በር ሳያውቀው ይመረቃል።

ሲፈለግ ደግሞ ይመዝገብ፦ የትኛው ዳታቤዝ፣ በየትኞቹ ቃላት፣ በምን ቀን፣ ስንት ውጤት። ይህ ያለው ተማሪ ፈታኙ ፊት «በእነዚህ አምስት ስሞች፣ በእነዚህ ሦስት ቦታዎች ፈልጌ ያገኘሁት ይህን ነው» ማለት ይችላል። ፈታኙም ስድስተኛ ስም ካለው ይነግረዋል።

በየትኛውም ዳታቤዝ ውስጥ የሌለም ብዙ አለ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በኢንተርኔት የማይነበቡ የቆዩ የተማሪ ጥናቶች አሉ። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች የመሬትና የደን ሪፖርቶች በሳጥን ውስጥ ናቸው፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች መዝገብም በየቦታው ነው። እነዚህን ለማግኘት ቃል መምረጥ አይበቃም፤ ደብዳቤ፣ ፈቃድና ትዕግሥት ይጠይቃሉ። የሚቀጥለው ምዕራፍ ስለ እነሱ ነው።